ሲሚንቶ ያስደረግሁላት ወለል

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከአረብ አገር ለእረፍት ሰቆጣ ገባሁ። የመጣሁት እናቴንና ወለሏን ለማየት ነው። ሁለት ዓመት የሰው ቤት ስወለውል ቆይቼ ባጠራቀምኩት፣ በእበት ትለቀልቀው የነበረውን የዋናውን ቤት ወለል ሲሚንቶ አስደርጌላት ነበር። ማድቤቱ ግን ብሩ አልደረሰለትምና አፈር እንደሆነ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ድቅቅ አለ። እናቴ ሳትቆጣ፣ “ይኸ ወለልሽ ብርጭቆ አይምርም። ማድቤት ሲወድቅ እንኳ አይሰበርብኝም” አለች። እኔ ደግሞ ነገር ካላጣራሁ አያስችለኝም። ጠርዛቸው የተሸረፈ ሁለት ብርጭቆ ተቀበልኳትና አንዱን ከወገቤ ከፍታ ማድቤት ውስጥ ለቀቅሁት፤ ተንከባሎ ቆመ። ሌላውን ከዚያው ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅሁት፤ ስብርባሪውን ጠረግሁ። ድንጋይም ሞከርኩ። አፈሩ ላይ ስርጉድ ያለ ምልክት ተወ፣ ሲሚንቶው ላይ ግን ጮኾ ነጠረ።

ጎረቤት የተከራየ የፊዚክስ መምህር ነበርና ሄጄ ጠየቅሁት።

“መኪና ፍሬን ይዞ ሲቆምና ግንብ ገጭቶ ሲቆም አንድ ነው?” አለኝ። “ብርጭቆው ሁለቱም ጋ የሚደርሰው በአንድ ፍጥነት ነው። አፈሩ ስርጉድ ሲል መቆሚያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሲሚንቶው በቅጽበት ያቆመዋል። ጊዜው ባጠረ ቁጥር ምቱ ይበረታል።”

ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ እየሮጥኩ ለእናቴ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰምታኝ፣ “ታዲያ ሰውም እንደዚያው ነው?” አለች።

ከዚያ ቀስ ብላ አወጣችው። ጉልበቷ እየከዳት አፈሩ ላይ ሁለቴ ወድቃ፣ ቀሚሷን አራግፋ ተነስታለች። ሲሚንቶው ላይ በዳሌዋ የወደቀችው አንዴ ነው፤ ጎረቤት መጥታ እስክታነሳት ግን እዚያው ተዘርግታ አረፈደች።

“እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ? ከዚያ ወዲህ ማድቤት ነው የማድረው። አልጋውን የመለስኩት አንቺ ስትመጪ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።”

አፈርኩ። በስልክ እየጠየቅሁ ያን ወለል ስንት ጊዜ እንዳስወደስኳት ትዝ አለኝ።

በነጋታው ዶማ ተዋስኩና ከአልጋው ጥግ ሲሚንቶውን መስበር ጀመርኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ “ተይ ልጄ፣ ልፋትሽ ነው፤ ሰውስ ምን ይለናል?” እያለች ለመነችኝ። የመጀመሪያው ምት ሲሚንቶውን ጫር ብቻ አደረገው፤ የቀረው በዶማው እጀታ መጥቶ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አነዘረው። እናቴ ይኼንን ነው በዳሌዋ የተቀበለችው አልኩና ዶማውን ደግሜ አነሳሁ።