እናቴ የገፈፈችው ዘይት

የምሠራው መድኃኒት ፋብሪካ ነው። ከውሃ ጋር የተኳረፈ መድኃኒት ማስታረቅ እንጀራዬ ሆኗል። አንዳንዱ መድኃኒት ብቻውን ሲዋጥ ሳይሟሟ ገብቶ ሳይሟሟ ይወጣል፤ ዘይት ወይም ሌላ አጋዥ ካልጨመርንበት ደም ውስጥ አይገባም። ባልደረቦቼ ኤክሲፒየንት ይሉታል፤ እኔ ሽማግሌ ነው የምለው። ያለ ሽማግሌ የማይታረቅ ሞልቷላ!

እናቴ ሀና ማርያም ሰፈር ከእኔ ጋር ትኖራለች። በሆዷ ውስጥ ታናሽ ወንድሜ የሰጣት ኩላሊት አለ። ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው ጠዋትና ማታ መድኃኒት ትወስዳለች፤ በዘይት ሟሙቶ ለስላሳ ካፕሱል ውስጥ የገባ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሐኪሟ ደወለልኝ። በደሟ ያለው የመድኃኒት መጠን በጣም ወርዷል፤ ኩላሊቱም መዳከም ጀምሯል።

"በትክክል ትወስዳለች?" አለኝ።

"ሰዓት እንኳ አታዛንፍም!" ብዬ ተቆጣሁት። ከሥራ ወጥቼ ከሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ወደ ቤት ስሄድ ደሟን የመረመሩትን የላቦራቶሪ ሰዎች በሆዴ እየረገምኩ ነበር። ፈርቼም ነበር።

ስደርስ የማታው መድኃኒቷ ሰዓት ደርሷል። ካፕሱሉን በመርፌ ወግታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመቀችው። ሽፋኑን ጣለች። ከዚያ የተንሳፈፈውን ዘይት በሻይ ማንኪያ ገፍፋ ገፍፋ ደፋችና፣ አማትባ ውሃውን ጠጣች።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምን ያስጮህሃል? ሽፋኑ ከከብት ቆዳ ነው የሚሠራው ብላ ጎረቤታችን ነገረችኝ። ቅባቱስ የምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ጾም አይደል እንዴ! መድኃኒቱን እንደሆነ አንድም ቀን አልተውኩ።"

ደሜ ፈላ። ግን በማን ላይ ልቆጣ? መድኃኒቱ ያለው ዘይቱ ውስጥ መሆኑን፣ ወደ ውሃው እንደማይወርድ ቀስ ብዬ ነገርኳት።

"ታዲያ እስካሁን የጠጣሁት ምንድን ነው?"

"ውሃ።"

የነፍስ አባቴን ልጠይቅ እንኳ አላለችም፤ ሌላ ካፕሱል አውጥታ እንዳለ ዋጠችው። እጇን ከሆዷ ግርጌ፣ ኩላሊቱ ካለበት ላይ አሳረፈች።

በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ከሥራ መምጣቱ ነው።

"እማዬ፣ ኩላሊቴ እንዴት ዋለች?" አለ፣ ሁልጊዜ እንደሚቀልደው።

ሁልጊዜ "ካንተ ይልቅ ከእኔ ጋር ተስማምታለች" ትለው ነበር። ዛሬ ግን እኔን አየችኝ፤ መልሱን እኔ እንድሰጥላት።