የጋሽ ተክለማርያም መኪና ቁልፍ

ጋሽ ተክለማርያም ቀራንዮ ውስጥ ከሱቄ አጠገብ ባለው ግቢ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል። አንድ ልጃቸው አዋሳ ነው የሚሠራው። እሳቸው ድሮ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ያላቸው አንድ አሮጌ ነጭ መኪና ነው።

የመኪናው ሞተር ማስነሻ ቁልፍ ቤት ውስጡ ተበልቷል። ቁልፉ ይገባል እንጂ አይዞርም። አንድ ቀን ቀብር ረፍዶባቸው ሲታገሉ አይቼ፣ "ጋሼ፣ እስቲ እኔ ልሞክር" አልኳቸው። ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ላይ ቀና አድርጌ ሳዞረው ሞተሩ ተነሳ። እሳቸው ግን እንደዛው ቢያደርጉም እምቢ ይላቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

ከዛ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እየገባሁ አስነሳላቸዋለሁ።

"ሲሃሜ፣ መኪናው የኔ ነው፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ካንቺ ነው" ይሉኛል።

"እንኳን ሌባ አልሆንኩ ጋሼ።"

"ሌባማ ይሄን መኪና ቢያይ አዝኖ ገንዘብ ጥሎልኝ ይሄዳል።"

ሞተሩ እስኪሞቅ እናወራለን። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ሲጮህ ስላደረው ውሻ። ከዛ አየር ጤና ድረስ ነድተው ዳቦ ይዘው ይመለሳሉ። ዳቦ እኔም ሱቅ አለ። ለምን እዛ ድረስ እንደሚሄዱ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ሚያዝያ ላይ ኒካህ አሰርኩና ጀሞ ልገባ ሆነ። ሱቁንም ዘጋሁት።

"ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ እኔ የለሁም። ቁልፍ ቤቱ ይቀየር" አልኳቸው።

ቤት ገብተው አንድ ትንሽ ካርቶን ይዘው ወጡ። አዲስ ቁልፍ ቤት ነው፣ ከሁለት ቁልፍ ጋር። ካርቶኑ አቧራ ጠጥቷል።

"መቼ ነው የገዙት?"

"ለመስቀል።"

ሰባት ወር ሆኖታል።

"ታዲያ መካኒክ አጥተው ነው?"

"መካኒክ ምን ያደርግልኛል፤ ሠላሳ ዓመት መኪና ስፈታ ነው የኖርኩት።" ካርቶኑን ገልበጥ አደረጉት። "ከተቀየረማ አትመጪም ብዬ ነው።"

"እመጣ ነበር እኮ" አልኳቸው። ድምፄ እኔኑ አላሳመነኝም።

እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሥራው ተጀመረ። ባትሪውን ነቀሉ፣ ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን በካቻቢቴ ፈቱ። አሮጌው ቁልፍ ቤት የሚወጣው ግን ቁልፉ አንድ ደረጃ ከዞረ ብቻ ነው። ሞከሩ፣ እንደገና ሞከሩ።

"በቃ፣ ነይ አንቺው" አሉኝ።

ሳብ፣ ቀና አድርጌ አዞርኩት። እሳቸው ከጎኑ ባለችው ቀዳዳ በቀጭን ምስማር ጫን ሲሉ አሮጌው ተንሸራቶ ወጣ። አዲሱን አስገቡ፤ ጠቅ አለ። ባትሪውን መለሱና ራሳቸው አዞሩት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠም ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

"ይኸው፣ ነፃ ወጣሽ" አሉኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው መጣሁ። መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። የፊት መስታወቱ ላይ ድመት የሄደችበት ዳና አለ።

"አልነሳም አለ እንዴ ጋሼ?"

"ኧረ ይነሳል። ጠዋት ጠዋት አስነሳዋለሁ። ሲሞቅ አጠፋዋለሁ።"

"አየር ጤናስ?"

"ሄጄ ምን ላደርግ ልጄ?"

ልሄድ ስነሳ "እስከ ፌርማታ ያድርሱኝ" አልኳቸው። በእግር አምስት ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ኮታቸውን ደርበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ወጡ። ቀስ እያሉ ነዱ፤ ከኋላ ጥሩንባ ሲነፋባቸው አልቸኮሉም። ስለ ጀሞ ቤቴ ጠየቁኝ፣ ውሃ ይመጣል ወይ አሉ።

ፌርማታው ጋ ወረድኩ። ታክሲው ቶሎ አልመጣም፤ እሳቸውም አልሄዱም። ተሳፍሬ በመስኮት ዞር ብዬ ሳይ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ እዛው ቆመው ነበር።