የካሳነሽ ጣት
የደጊቱን ጓሮ ሊያይ የሚመጣ ሰው እጁን ኪሱ ቢከት ይሻለዋል። ለጋ ዱባ በጣት እንደማይጠቆም ዳንግላ ውስጥ የማያውቅ ባይኖርም፣ እንደ ደጊቱ ሕጉን የሚያስከብር ግን የለም። ማሳየት የፈለገ ጣቶቹን አጥፎ በጭብጡ ያሳይ፤ ጣት የተቀሰረበት ዱባ ገርጥቶ ይረግፋል። ሌላም ሕግ አላት። ጎመን ላይ አመድ የሚነሰነሰው ጤዛው ሳይነሳ ነው። ጤና አዳም ለምነው ካመጡት ይልቅ ሰርቀው የተከሉት ይጸድቃል፤ በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ጤና አዳም ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው።

አንዱ ሕግ ግን የራሷ ፈጠራ ነበር። ዱባ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል፤ አንዱ ከሥሩ ትንሽዬ ዱባ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው በቀጭን እግሩ ቆሞ ባዶውን ይፈካል። ይህንን ሁለተኛውን ደጊቱ «ሰነፍ አበባ» ብላ ስም አወጣችለት። የሐረጉን ጉልበት እየበላ የማያፈራ ምን ይሠራል? እናም በየክረምቱ ጠዋት ጠዋት ሰነፉን ሁሉ እየለቀመች መጣል ጀመረች።

ከካሳነሽ ጋር የተጣሉት በዚያው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ካሳነሽ በአጥር የምትዋሰናት ባልንጀራዋ ናት፤ ሁለቱም ባሎቻቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጨው እንኳ የሚገዙት አብረው ነበር። አንድ ቀን ካሳነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ውይ ደጊቱ፣ ያቺ ደግሞ እንዴት ታምራለች!» ብላ ጣቷን ቀሰረች። ሳምንት ሳይሞላ ያቺም እህቶቿም ረገፉ።

«ጣትሽን ሰብስቢ አላልኩሽም?» አለች ደጊቱ።

«የኔ ጣት መጥረቢያ ነው እንዴ?» አለች ካሳነሽ።

ከዚያ ወዲያ የተባባሉት ባይጻፍ ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በተለያየ በር መግባት ጀመሩ። በቀጣዮቹ ሁለት ክረምቶች ካሳነሽ ወደ አጥሩ ዝር ሳትል ዱባው ረገፈ፤ ደጊቱ ግን ምክንያት አላጣችም። «ከቤቷ ሆና ትጠቁም ይሆናል» አለች።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ ካሳነሽ ከመስቀል በኋላ ጠቅልላ ጫግኒ ልጇ ትዕግስት ዘንድ ልትሄድ መሆኑን ደጊቱ ሰማች። «ትሂዳ!» አለች ደጊቱ አፏን ሞልታ። ያን ቀን ግን ምሳ አልወርድላት አለ።

በማግስቱ ማር የሚያመጡላት አያ አዝመራው በጋሪ መጡ። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ንብ የሚያነቡ፣ ቤታቸው አገውኛ፣ ገበያቸው አማርኛ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ጓሮ ብቅ ሲሉ ደጊቱ አበባ ትለቅማለች።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?»

«ሰነፉን እያራገፍኩ ነዋ።»

አያ አዝመራው ራሳቸውን ያዙ። «ንቧ እኮ መጀመሪያ እዚህ ገብታ፣ ዱቄቱን ተቀብታ ነው ወደዚያኛው የምትሻገር። ይኼ ባል ነው፣ ያቺ ሚስት ናት። በየጠዋቱ ባል እየገደልሽ ሚስቶቹ ከማን ይውለዱ?»

ደጊቱ በእጇ የያዘቻቸውን አበቦች አየች። «እስከ ዛሬ የት ነበሩ እርስዎ!» ብላ በሳቸው ልትቆጣ ቃጣት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጣትስ? የጣቱ ነገርስ?» አለች።

«ጣትማ አይጠቆምም» አሉ ኮስተር ብለው። «እሱ ሌላ ነው።»

ደጊቱ ሰነፎቹን ተወቻቸው። ነሐሴ ሲያልቅ አራት ዱባ እንደ እንስራ ተቀምጧል። ደስም አላት፣ አፈረችም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኔ ነው» አለች ለራሷ። በየጠዋቱ ይቅርታ ልትጠይቅ እስከ አጥሩ ትሄድና ጎመኑን ነካክታ ትመለሳለች። መስከረም ገባ፣ መስቀልም አለፈ። አንድ ረፋድ የካሳነሽ አልጋ ጋሪ ላይ ሲጫን አየች።

«ካሳነሽ! እስቲ አንዴ ነይ!»

ካሳነሽ መጥታ ከአጥሩ ማዶ ቆመች። ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

«ያረገፍኩት እኔ ነኝ» አለች ደጊቱ። «አበባውን እየለቀምኩ። ያንቺ ጣት ምንም አላደረገም። ይቅር በይኝ።»

ካሳነሽ ዱባዎቹን ቆጠረች። «አራት ናቸው?»

«አምስት። አንዷ ከቅጠሉ ሥር ናት፤ ገና ለጋ ናት።»

«የቷ?»

ደጊቱ በአጥሩ ክፍተት እጇን ሰዳ የካሳነሽን እጅ ከነጠላው ሥር ሳበችው። ካሳነሽ ፈጥና ጣቶቿን አጠፈች።

«ተይ ደጊቱ! ኋላ ትረግፍብሻለች።»

ደጊቱም ልቧ ፈራ፤ አያ አዝመራው ያሉትን አልረሳችም። ቢሆንም የባልንጀራዋን ጣት ቀስ አድርጋ ዘረጋችውና ወደ ለጋዋ ዱባ አቀናችው።

«ትርገፍ» አለች።