የእናቴ የራስጌ ድንጋይ

ጎረቤቴ ቤቱን ኖራ ሲቀባ ሽታው ሮቢ ወንዝ ዳር መለሰኝ። ጣልያን እዚያ ትንሿን የድንጋይ ድልድይ በኖራ ገንብቶ የጨረሰ ሰሞን አያቴ ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ሳልዋሽ፣ ታምር ነበር። እኔ ቁልቁል ውሃውን ሳይ፣ እሳቸው የዳሩን ግንብ በእጃቸው እየዳበሱ ሄደው ድንገት ቆሙ።

«ይኼ የእናትሽ የራስጌ ድንጋይ ነው። እኔው ጠርቤ የተከልኩት! ከመቃብሯ ነቅለው አምጥተውታል» አሉኝ።

ድልድዩን የሚጠብቀው ሶላቶ ሥራውን ያደነቁለት መስሎት ፈገግ አለ።

«እንንቀለው፣ አባባ!»

«በምን አቅማችን፣ ልጄ? ዱዓሽን እዚሁ አድርጊ። መቃብሯንማ ከእንግዲህ ማን ይለየዋል?»

ዛሬም አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር እጄን ለዱዓ እዘረጋለሁ። እናቴ ግን እዚያ የለችም።