ባለ አንድ ዓይኑ ዮናስ

ለባሕር ወሰን ያበጀላት፥ ለነነዌም የንስሓ ቀን የጨመረላት እግዚአብሔር ከነገር ሁሉ አስቀድሞ ይመስገን። የእርሱን ስም ካስቀደምሁ በኋላ የምጽፈው ስለ አንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ለጾመ ነነዌ ብዬ ፍራንክፈርት፥ ጻይልስሃይም ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ሣልሁት፤ አስተካክል ስባልም እምቢ አልሁ። ዛሬም እምቢ እንዳልሁ ነኝ።

በልጅነቴ ቅኔ ተምሬ፥ ከዚያ ሥዕል ከሚያውቁ መምህር ዘንድ ቀለም እየበጠበጥሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ፍራንክፈርት ከመጣሁ በኋላ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ከሚገኝ የፖም ወይን ቤት ጓዳ ሳህን በማጠብ ነው። ጡረታ ስወጣ ብሩሼን ፈልጌ አነሣሁ።

የምንቀድስበት ሮደልሃይም ሰፈር ያለው ሕንፃ ጀርመኖች በውሰት የሰጡን ነው። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ምስማር መምታትም አይፈቀድም። ስለዚህ ሥዕል ካስፈለገን በጨርቅ ላይ ተሥሎ፥ በገመድ ተሰቅሎ፥ ሲያበቃ ተጠቅልሎ የሚነሣ መሆን አለበት። የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ፥ ድሮ በተማሪነት መጥቶ በመሐንዲስነት ጡረታ የወጣ ሰው፥ ይህን ድካም አልወደደልኝም።

«የኔታ፥ ምን ያደክምዎታል? ከኢንተርኔት አንድ ያማረ ዮናስ መርጠን ማተሚያ ቤት እንሰጣለን። በሁለት ቀን ይደርሳል።»

«የሁለት ቀኑን እናንተ አሳትሙ፤ እኔ የሁለት ወሩን እሥላለሁ» አልሁት።

ሥዕሉን ሳልጀምር ሆላንድ፥ ሮተርዳም የምትኖረው ልጄ ወደ እርሷ ወሰደችኝ። ያን አገር የሄድሁት ለመናቅ ተዘጋጅቼ ነው፤ አልዋሽም። ሮተርዳምን ጦርነት አቃጥሏት እንደ ነበር ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መስታወትና ብረት ብቻ የሞላባት መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን መጀመሪያ ያቆመችኝ ከአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ፊት ነው። ከቃጠሎው የተረፈውን ግንብ መልሰው ጠግነው አቁመውታል። ከእርሱ ጥቂት ራመድ ብሎ ደግሞ በማዕዘናቸው የቆሙ፥ ሊወድቁ የሚመስሉ ቢጫ ቤቶች አሉ።

«ይህን የሠራው ሰካራም ነው?» አልኋት።

«ሰው ይኖርበታል እኮ አባዬ። መጋረጃው አይታይዎትም?»

መጋረጃው ይታያል። አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ ምንጣፍ ታራግፍ ነበር። ሁለቱን፥ ጥንታዊውንና ጠማማውን፥ በአንድ እይታ ማየት ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አላሳፈረውም።

በማግሥቱ ደልፍት ወደምትባለው ከተማ በባቡር ሄድን። ያዘነበለ የደወል ግንብና አንድ የግንባታ ክሬን በአንድ የከተማ ቦይ ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን ተገልብጠው አየሁ። ሸክላ ከሚሠሩበት ቤት ስንገባ አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ሴት ተቀምጣ ሰማያዊ ቀለም ትቀባ ነበር። በመርፌ የተበሳሳ ወረቀት በነጩ ሸክላ ላይ ታደርግና የከሰል ዱቄት በተሞላ ከረጢት መታ መታ ታደርገዋለች፤ ወረቀቱን ስታነሣው የሥዕሉ ነጠብጣብ ይቀራል። ከሰሉን በጣቴ ነካሁት። መምህሬም ብሩሽ ሳይዙ በፊት የሚጀምሩት በከሰል ነበር።

የምትሥለው ግን ለጎብኚ የሚሸጠውን የድሮ የነፋስ ወፍጮ አይደለም። ያንን ረጅሙን፥ ሦስት ክንፍ ያለውን፥ ዛሬ ባሕር ላይ ቆሞ መብራት የሚሰጠውን ነው።

«ቀደምቶችሽ እንዲህ ያለ ነገር ይሥሉ ነበር?» ብዬ በልጄ በኩል አስጠየቅኋት።

«እነርሱ በደጃቸው የቆመውን ሣሉ፤ በእኔ ደጅ የቆመው ይህ ነው» አለች፥ ቀና ሳትል።

ያን ጊዜ መምህሬ ትዝ አሉኝ። የፈርዖንን ሠራዊት ሲሥሉ ወታደሮቹን ሁሉ ጠመንጃ ያሸክሟቸው ነበር። በሙሴ ዘመን ጠመንጃ ነበረ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አንድ ምእመን አላውቅም። ሁሉም ያየው ባሕሩን ነው።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ልቤ ሊለሰልስ ሲል፥ በሌላ ከተማ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ መሸጫ ሆኖ አገኘሁት። ዓምዶቹ አሉ፤ የጣሪያው ሥዕል አለ፤ መሠዊያው በነበረበት ስፍራ ግን ሰዎች ኬክ ይበላሉ። ወጥቼ በአቅራቢያው ካለ ቦይ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

«ምን እየጠበቁ ነው አባዬ?»

«ምንም።»

«ምንም» ያልሁት ውሸት ነው። አንዳች ነገር ከሰማይ እስኪወርድበት እጠብቅ ነበር። ዝናብ መጣ፤ ልጄ ጃንጥላዋን ዘረጋችልኝ፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ነፋስ ገለበጠውና ሽቦው ተሰበረ። እኔም ስለ ጃንጥላው ክፉኛ ተቆጣሁ። «ደካማ ዕቃ! ይህን ነው የምትገዢው?» አልኋት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ማንን እንደ መሰልሁ ገባኝ፤ ከተማይቱ እስክትጠፋ ከጥላ ሥር ተቀምጦ የጠበቀውን፥ ጥላ የሆነው ቅል በደረቀ ጊዜ ግን እስከ ሞት ድረስ የተቆጣውን ነቢይ። ልጄ ያለ ጃንጥላ አጠገቤ ቆማ ትስቅ ነበር።

ጻይልስሃይም ተመልሼ ነጩን ጨርቅ ወጠርሁ። ነነዌን በውኃ ላይ ሠራኋት፤ የመስታወት ፎቅ፥ ያዘነበለ የደወል ግንብ፥ ጠማማ ቢጫ ቤቶች፥ ሦስት ክንፍ ያለው ወፍጮ። በየመስኮቱ ሰው ቆሟል፤ ንጉሡ ማቅ ለብሷል። እንስሳቱም ማቅ ለበሱ ይላል መጽሐፍ፤ በዚያ አገር ሰው የሚጋልበው ብስክሌት ነውና ብስክሌቶቹን ማቅ አለበስኋቸው። ዮናስን ከከተማው ማዶ ወንበር ላይ አስቀመጥሁት።

ጾሙ ሊገባ ሲል ሥዕሉን ሮደልሃይም ወስጄ በሁለት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ቄሱ፥ ጸሐፊውና በአውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት የምትሠራው የመዘምራኑ አለቃ ነበሩ።

«የኔታ፥ ፎቅ ካማረዎት ፍራንክፈርት ሞልቶልዎት የለ?» አለ ጸሐፊው። «ሆላንድ ድረስ ምን አስኬደዎት?»

«በፍራንክፈርቱ ሥር ስንት ዓመት አለፍሁ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ አላየሁትም። ለማየት መሄድ ነበረብኝ።»

ሳቀ። ፎቁን ሊያልፈው ነበር፤ ነገሩን ያፈረሰችው የመዘምራኑ አለቃ ናት።

«የኔታ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ የነቢዩ ሁለተኛ ዓይን የት አለ?»

በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፥ በሁለት ዓይን ይሣላል። በጎን፥ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን፥ ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ወገን ነው። እኔ የነነዌን ሰዎች ሁሉ በሁለት ዓይን ሥዬ፥ ዮናስን ብቻ በጎን ሥዬዋለሁ።

«ረስተው ነው» አለ ጸሐፊው፥ ለእኔ አዝኖ። «ዕድሜ ነው። ትንሽ ዞር አድርገው ይጨምሩለት።»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ነቢይ ከይሁዳ ጋር ሊመደብ ነው?»

«በዚያ ሰዓት፥ በዚያ ወንበር ላይ፥ ከተማ እንዲጠፋ የሚፈልገው እርሱ ብቻ ነበር። በመስኮት ያሉት ንስሓ ገብተዋል። እኔ ያየሁትን ሣልሁ።»

«ማንን ነው ያዩት?» አለች ሴቲቱ።

«ራሴን» አልኋት።

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። «የኔታ፥ አክብሬዎት ነው። ዓይኑ ካልተጨመረ የታተመውን እንሰቅላለን፤ አሳትመነዋልም።»

«ስቀሉት። የእኔን ይዤ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ቤቴ ግድግዳ አለው፤ ምስማር የሚከለክለኝም የለም።»

ከጫፉ ጀምሬ መጠቅለል ያዝሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከማንም ጋር ሳላወራ ያዋራሁት ሥዕል ነው፤ ሳይሰቀል ከቀረም ሌላ ለመሣል ዕድሜ እንደሌለኝ አውቃለሁ። ዓይን አንድ ነጥብ ናት፤ ለመጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አልጨመርሁም።

ቄሱ ጸሐፊውን «ስልክህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ አለ አይደል? የትንቢተ ዮናስን መጨረሻ አንብብልን» አሉት።

አነበበ። እግዚአብሔር ስለዚያች ታላቅ ከተማ ዮናስን ይጠይቀዋል። ጸሐፊው ጣቱን ወደ ታች ሳበ፤ ደግሞ ሳበ።

«ዮናስ ምን መለሰ?» አሉት ቄሱ።

«አልመለሰም። በጥያቄው አለቀ።»

«እንግዲህ ሲመልስ ዓይኑን እጨምርለታለሁ» አልሁ።

ቄሱ ጥቅሉን ከእጄ ተቀብለው መልሰው ዘረጉት። «ይሰቀል።»

«ብስክሌቶቹስ?» አለ ጸሐፊው፥ ተሸንፎም ቢሆን።

«ይጹሙ» አለች የመዘምራኑ አለቃ፥ ገመዱን እያመጣች።

ሦስቱን ቀን ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ ይሰቀላል፤ ጸሐፊውም ገመዱን ሲያስር፥ «ዘንድሮስ መለሰ?» ይለኛል። አልመለሰም እለዋለሁ። ብሩሹ ታጥቦ፥ ጥቁሩ ቀለም ተከድኖ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። የሚጨመረው ዓይን የእኔ ነውና ሰው አዝዞኝ አልጨምረውም።

ይህን ላነበብህ፥ ላነበብሽም፥ በቤታችሁ ላሉት ሁሉ፦ በደጃችሁ የቆመውን በሁለት ዓይን የምታዩ ያድርጋችሁ። ጥላችሁ ሲሰበር አጠገባችሁ ቆሞ የሚስቅ ሰው አያሳጣችሁ። የምትኖሩባትን ከተማ፥ የእናንተ ሆነችም አልሆነች፥ እርሱ ይራራላት። አሜን።