ያልጠበቀ ጎማ

አባቴ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ዕድሜ ልካቸውን የነዱትን ላንድክሩዘር ከመሥሪያ ቤታቸው በጨረታ ገዙት። መኪናው ለብዙ ክረምት ከቢሮው ጓሮ ቆሞ፣ ሸራው ተቀዳዶ፣ በወለሉ ሣር በቅሎበት ነበር። በጭነት መኪና ተጎትቶ ደብረ ማርቆስ እቤታችን ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ።

"ይህን ቆርቆሮ ምን ልታደርገው ነው?" አለች እናቴ።

"አስነሣዋለሁ" አሉ አባቴ።

እኔ ያን ጊዜ ትዳሬን ፈትቼ ወላጆቼ ዘንድ ተመልሼ ነበር። ጧት ጧት በከተማው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እቤት ነኝ። ስለዚህ መኪናው ቀስ በቀስ ነፍስ ሲዘራ በዓይኔ አይቻለሁ። ካርቡሬተሩን በታትነው በቤንዚን አጠቡት። የዛገውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን ጭቃ መከላከያ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ቀለም ቀቡት። ሸራውን ድንኳን ሰፊ ዘንድ ወስደው አሰፉት። እኔ መሣሪያ አቀባይ ሆንሁ፤ መጀመሪያ ካቻቢቴንና ፒንሳን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ኋላ ግን የሚፈልጉትን ቁልፍ ሳይጠሩት አቀብላቸው ጀመር።

ፍርሃት የገባኝ ከመኪናው ሥር መግባት ሲጀምሩ ነው። መኪናውን የምናነሣበት ክሪክ ያረጀ ነው። ክረምት ስለነበር የግቢው መሬት ርሶ እግር ይውጣል። አባቴ ድንጋይ ደርድረው ያስደግፉና በጀርባቸው ተንሸራተው ይገባሉ፤ ከውጭ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። እቤት ውስጥ ሥራ ይዤ እንኳ ጆሮዬ እዚያው ነበር። የብረቱ ድምፅ ሲቋረጥ ያለሁበትን ትቼ ወደ በሩ እወጣለሁ።

"አባዬ?"

"አለሁ" ይሉኛል ከሥር። ይህን ስሰማ ተመልሼ እገባለሁ።

አንድ ቀን የፍሬኑን አየር አብረን አወጣን። እኔ ጋቢና ተቀምጬ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ እሳቸው ከታች ሆነው የአየር ማስወጫውን ይፈታሉ፣ ያጠብቃሉ። በአራቱም ጎማ ዞረን ጨረስን። እጃችንን ታጥበን ምሳ በላን። ከምሳ ስንነሣ "በይ ነይ፣ የፍሬኑን አየር እናውጣ" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ፊታቸውን አየሁት፤ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ፊት ነው።  ጋቢና ገብቼ ፔዳሉን ረገጥሁ።

ለእናቴ አልነገርኋትም። ሰው ሲሸመግል ይረሳል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔ ከእጃቸው አልተነቀለም። አንድ ከሰዓት የፊቱን ጎማ አውልቀው፣ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ግራሶ ቀብተው መለሱት። "አለቀ፣ ጠብቋል" ብለው መሣሪያቸውን ሰበሰቡ። በማግሥቱ ማለዳ ቅዳሴ ሲሄዱ እኔ ወደ መኪናው ሄድሁ። አንዱን የጎማ ማሰሪያ ዳዶ በጣቴ ነካ ባደርገው ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ። ሁሉም ላልተዋል። በጎማ መፍቻው አጠበቅኋቸው፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቁርስ አቅርቤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆንሁ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ አደረግሁት። እሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እኔ ከኋላቸው የነኩትን ሁሉ እነካለሁ። ብዙ ጊዜ ደህና ነው። አንዳንዴ ግን አይደለም። መኪናው እየተሻለው በሄደ ቁጥር የእኔ ፍርሃት ባሰ፤ ሲነሣ የሚነዱት እሳቸው ናቸውና።

ተነሣም። ሞተሩ ሲጮህ እናቴ እልል አለች። ጥቂት ቀን በከተማው ውስጥ ነዱት፤ አነዳዳቸው እንደ ድሮው ነበር፣ ምንም እንከን አላየሁበትም። ወዲያው ከተራራው ላይ ካለችው ከሮብ ገበያ ከተማ የእናቴ ታላቅ እኅት ወድቀው እግራቸው መጎዳቱ ተሰማ። ወደ ሆስፒታል ማምጣት አለብን። አባቴ "መኪና እያለን ማንን እንለምናለን?" አሉ። ማለዳ ተነሥቼ አራቱንም ጎማ ነካካሁ፤ ጠብቀዋል። ከእናቴ ጋር ተሳፈርሁ።

አቀበቱን በሰላም ወጣን። ሮብ ገበያ ልንደርስ ስንል ግን አንዱ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። አባቴ ትርፍ ጎማውን አወረዱና "አንቺ ጎማ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ፈልጊ" ብለው ላኩኝ። ድንጋይ አምጥቼ አስቀመጥሁ። ደግሞ የእጅ መታጠቢያ ውኃ እንዳመጣ ላኩኝ። ከገብስ ማሳው በታች ካለው ምንጭ ቀድቼ ስመለስ ክሪኩ ወርዶ፣ መሣሪያው ተጭኖ፣ አባቴ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ጨረሱ?" አልኋቸው።

"ድሮ" አሉኝ።

ልነካው ፈለግሁ። እናቴ "ግቢ እንጂ፣ ሕመምተኛ ትጠብቃለች" አለች። ገባሁ።

አክስቴን ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከኋላ አስተኙልን፤ እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እኔ ከፊት። በዚያ ግርግር ወደ ጎማው ለመሄድ ፋታ አላገኘሁም። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ቋ ቋ የሚል። መጀመሪያ ጠጠር መሰለኝ። ፍጥነት ስንጨምር ይፈጥናል፣ ስንቀንስ ይዘገያል። በግራችን ገደል አለ፤ በጉሙ ምክንያት ጥልቀቱ አይታይም። አባቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። የሰሙ አይመስሉም። እናቴና አክስቴ ስለ ዘመድ እያወሩ ነው። ጎማው ላልቷል ብል ምን ሊሆን ነው? አባቴን በእነሱ ፊት ማዋረድ ሆነብኝ። ዝም ብል ደግሞ ገደሉ አለ። 

"አባዬ፣ ይቁሙልኝ፤ አቅለሸለሸኝ።"

ዳር ይዘው አቆሙ። ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥሁ። ሁለት ዳዶ የለም። የቀሩት በጣት ይዞራሉ። ጎማው ላይ እጄን እንደጫንሁ አባቴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። 

"አጥብቄው አልነበረም?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ጠፍቷቸው ነው የጠየቁኝ።

"አልጠበቀም፣ አባዬ።"

መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እቤትም አንቺ እንደምታጠብቂ አውቃለሁ" አሉ። "አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ የመፍቻው ቦታ ተለውጦ አገኘሁት። እናትሽ እንደሆነች ይህን አትነካም። ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ፈራሁ። እኔም እፈራለሁ እኮ፣ ልጄ። ማታ የሠራሁትን ጧት አላገኘውም።"

አባቴ ፈራሁ ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። 

ተነሥተው ከሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ አንድ ዳዶ ፈትተው ሰጡኝ። ቀጥሎ መፍቻውንም ለእኔ አቀበሉኝ። "በተራ አይደለም፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅሽ በመስቀል አጥብቂ" አሉ። ከመኪናው ውስጥ አክስቴ "አሜን፣ በመስቀሉ ያጥብቀን" ብለው መለሱ። አባቴ ፈገግ አሉ፤ እኔ አልቻልሁም። እናቴ አንገቷን አውጥታ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ "ጎማውን ሳላጠብቅ ነው የነዳሁት፤ ልጅሽ ደረሰችልን" አሏት። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

መንዳት የሚችል ሌላ ሰው ስለሌለ እሳቸው ነዱ። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገምን፣ መንገድ ላይ ደጋግመን እየቆምን፣ እኔ እየወረድሁ እየነካሁ ደረስን። አክስቴ ታከሙ፤ ቢያነክሱም ድነው ተመለሱ።

በዚያው ዓመት መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አባቴ ጥገናውን አልተዉም፤ ጨርሰው "ነይ እይልኝ" ይላሉ፣ እኔ አያለሁ። ከከተማ ውጭ ብቻቸውን እንዳይነዱ ተስማማን። ይህም ብዙ አልቆየም። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናው ግቢ የለም። እናቴ ቤንዚን ሊቀዱ እንደወጡ ነገረችኝ። ማደያው ሄድሁ፤ አልመጡም አሉኝ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ የሚያውቃቸው ሹፌር ወደ ሉማሜ ሲሄዱ እንዳያቸው ነገረኝ። ከእሱ ጋር ተሳፈርሁ። በመንገዱ ሁሉ ዓይኔ ቦይ ለቦይ የተገለበጠ መኪና ይፈልግ ነበር።

ሉማሜ ላይ ከአንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ አገኘሁት። ሞተሩ አልጠፋም። አባቴ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ወደ ፊት ያያሉ።

"ወዴት ነበር የምሄደው?" አሉኝ ሲያዩኝ።

"ወደ ቤት ነው፣ አባዬ። ጠጋ ይበሉልኝ፣ እኔ ልንዳ።"

ወደ ጎን ተሸጋገሩ። ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም።

እየቆየ ሌላውም ተከተለ። የጎረቤት ስም ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የወንድሞቻቸው። መኪና ውስጥ መቀመጥ ግን ይወዱ ስለነበር እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዣቸው እወጣ ነበር። አንድ እሑድ ወደ አማኑኤል ስንሄድ ብዙ ሲያዩኝ ቆዩና በትሕትና ጠየቁኝ።

"እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?"

አባቴ እኔን እርስዎ ብለውኝ አያውቁም።  የእርስዎ ነኝ ልላቸው ነበር፤ እንዳይደነግጡ ፈራሁ።

"የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ" አልኋቸው።

"እግዜር ያክብርልኝ" አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ። "ቁልቁለት ነው፣ ቀስ ይበሉ።"

ማርሽ ቀነስሁ።