ቢስሚላህ ሲሉት የሚከፈት ቤት

ሙሐመድሁሴን ጦርነቱ ሲመጣ ሐይቅ ከተማ ያለውን ሱቁን ቆልፎ ሸሸ። ሲመለስ መደርደሪያው እንኳ አልጠበቀውም። ሌላ ሰው ቢሆን ሱቁን መልሶ ለመሙላት ይሯሯጣል። እሱ ግን የሚጠበቅ ዕቃ ሳይኖረው ጠባቂ ገዛ፤ በስልክ የሚታይ ካሜራ። አንዱን ባዶው ሱቅ፣ ሌላውን ቤቱ ሳሎን ውስጥ አሰቀለ። ከዚያ ወዲያ መከራችንን አየን። ቁርስ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን በየሰዉ አፍንጫ ሥር እየደቀነ፣ "ቤቴ እዚህ ኪሴ ውስጥ ናት" ይላል። እሱ ኪስ ውስጥ ብቻ በሆነች!

ካሜራውን የገጠመለት አሕመዲን አስጠንቅቆታል።

"ጋሼ፣ ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል ይለውጡት። ሰው የማይገምተው ይሁን። ያለዚያ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ገብቶ ያያል።"

ጋሼ ለወጡት። "ቢስሚላህ" አደረጉት። ሐይቅ ውስጥ በር ሲከፍት ቢስሚላህ የማይል ማን አለ? ጎረቤታችን ትዕዛዙ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ አብሮን ኖሮ እሱም ይላታል። ሙሐመድሁሴን ግን ይህ አልበቃ ብሎት፣ "ሸይጧን የማያልፈው ቁልፍ!" እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ። ሸይጧኑ ላያልፍ ይችላል፤ ስልክ የያዘው ሥራ ፈት ግን ሰተት ብሎ ገባ።

በዚያ ሳሎን ሚስቱ ኑርሀያት ሐሙስ ሐሙስ ሴቶችን ሰብስባ ወዳጃ ትቀመጣለች። ዱዓ ይደረጋል፤ ወንድ ስለማይገባ ሻሹ ይወልቃል፣ የታመቀው ይወጣል። ከሴቶቹ አንዷ መስኡዳ ልጇ ጦርነቱ ላይ መሞቱን ልብ ሕመምተኛ ከሆነው ባሏ ከኑርዬ ደብቃዋለች። የምታለቅሰው እዚያ ብቻ ነበር።

"አረብ አገር ሄዷል ብዬዋለሁ" አለች አንድ ሐሙስ ፀጉሯን እየነጨች፤ "አላህ አፉ ይበለኝ።"

ይህንኑ ሥራ ፈቱ ቀርጾ ለቆት የኑርሀያት እህት ሰዓዳ ኩዌት ሆና ቴሌግራም ላይ አየችው። ወዲያው ደወለች።

"እታለም፣ ቤትሽን አገር እያየው ነው!"

ኑርሀያት ባሏን አፋጠጠችው። የሰው ገመና አደባባይ አውጥቶ ጭራሽ ተቆጣ።

"ቃሉን ለውጨዋለሁ አልኩሽ! በቃ!"

"ምን ብለህ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ኑርሀያት ወንበር ላይ ወጥታ ካሜራውን ከነሽቦው ነቀለችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ መጡ፤ ሻሻቸውን ከመፍታታቸው በፊት ግን ሁሉም ወደ ጣሪያው አዩ። ሙሐመድሁሴን ዛሬም ቁርስ ቤት ስልኩን ያሳያል፤ የቀረችው ባዶዋ ሱቅ ናት፣ እሷን እያየ ይኮራል። መስኡዳ ወዳጃውን ትታለች። ኑርዬን መናኸሪያው ላይ አንዱ ልጅህን አውቃለሁ ብሎ ያንን ለቅሶ ከነድምፁ አሳይቶታል። እቤቱ ገብቶ ሚስቱን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ከኔ በፊት ስንት ሰው አለቀሰለት?"